የዜናው ባለቤት ማን ነው?

(የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው በተሰባሰቡበት በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ወደ ጽሑፍ ሲመለስ ጥቂት መደጋገሞች ብቻ ተቀንሰዋል።)

እንደምን አረፈዳችሁ?

ድምፃችሁ ደከም ብሏል። እንደገና ልሞክር፤ እንደምን አረፈዳችሁ? እንዲህ ነው እንጂ!

ከፊት ረድፍ የተቀመጣችሁ አባሎቻችን፣ ከእነርሱ ኋላ ያላችሁ ወላጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ግድግዳ ተደግፋችሁ የቆማችሁ በጎ ፈቃደኞች፣ በመጨረሻም የተከበራችሁ እንግዶች፤ ሁላችሁም እንኳን ደኅና መጣችሁ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ባለፉት ዓመታት ሰላምታችን የሚጀምረው ከተከበሩ እንግዶች ነበር። አባሎቻችን መጨረሻ ላይ፣ ያውም «ውድ ልጆቻችን» ተብለው ነበር የሚጠሩት። ከእነዚያ «ልጆች» አንዱ ዛሬ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ጢሙ ሸብቷል። እኔን በብዙ ይበልጠኛል።

ከመጀመሬ በፊት ስለ ካርዶቹ አንድ ነገር ልበል። ለእያንዳንዱ አባል ሦስት ካርድ ታድሏል። አረንጓዴው «ተስማምቻለሁ» ማለት ነው። ቢጫው «ቀስ በል»። ቀዩ «ቁም፣ አልገባኝም»። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በየአገሩ በሚያደርጓቸው ስብሰባዎች ይህ የቆየ ዘዴ ነው። ቀይ ካርድ ካየሁ እቆማለሁ። ለተከበሩ እንግዶች ካርድ አልታደለም፤ እናንተ ያልገባችሁን እንደገባችሁ ሆናችሁ መቀመጥ ለምዳችኋል፤ እኔም እንዲሁ።

ሦስት ነጥብ አለኝ። የመጀመሪያው ስለ ሰዋስው ነው። ሁለተኛው ስለ ዜና መጽሔታችን ነው። ሦስተኛው የዓመቱ ዜና ነው። ለዜናው ብላችሁ የመጣችሁ ጥቂት ታገሡኝ።

ወደ መጀመሪያው ልግባ።

የማኅበራችንን የዜና መጽሔት ለአሥራ አንድ ዓመት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ባወጣነው አንድ እትም ላይ እንዲህ የሚል ዜና ነበር፦ «አባላት ወደ መዋኛ ገንዳ ተወስደው እንዲዝናኑ የተደረገ ሲሆን፣ በተደረገላቸው ነገር መደሰታቸውን ገልጸዋል።» የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስጽፈው ምንም አልቆረቆረኝም። መጽሔቱ በወጣ በሦስተኛው ቀን አንድ አባላችን ወደ ቢሮ መጣ። መጽሔቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ጣቱን «ተወስደው» በሚለው ቃል ላይ አስቀምጦ፣ «ማን ነው የወሰደኝ?» አለኝ። «እኔ ነኝ የሄድኩት። ውኃው ደግሞ ቀዝቃዛ ነበር። ደስ አላለኝም። ነግሬህ ነበር።»

ነግሮኝ ነበር። በዚያው ቀን፣ በገንዳው ዳር፣ እየተንቀጠቀጠ ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን ቢሮ ተመልሼ «መደሰታቸውን ገልጸዋል» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ የድሮ እትሞችን በሙሉ አውጥቼ፣ እርሳስ ይዤ ግሥ መቁጠር ጀመርኩ። ተወሰዱ። ተሰጣቸው። ተደረገላቸው። ታደላቸው። ተጎበኙ። ተሸኙ። ተማሪ ቤት የተማርነውን አስታውሱ። ዓረፍተ ነገር ባለቤት አለው፣ ተሳቢ አለው፣ ማሰሪያ አንቀጽ አለው። ባለቤት ሥራውን የሚሠራው ነው። ተሳቢ ሥራው የሚያርፍበት ነው። ቋንቋችን እንዴት ያለ ሐቀኛ ነው! ባለቤት ማለት ደግሞ «ንብረቱ የእኔ ነው» የሚል ሰው ነው። ተሳቢ ማለት የሚጎተት ነው፤ ከከባድ መኪና ኋላ የሚቀጠለውንም ተሳቢ እንለዋለን። በአሥራ አንድ ዓመት እትም ውስጥ አባሎቻችን ባለቤት ሆነው የተገኙት በሁለት ግሦች ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ምንና ምን ይመስሏችኋል? «ተደሰቱ» እና «አመሰገኑ»።

ቀይ ካርድ አየሁ። እሺ፣ ቆምኩ። ... ሰዋስው ምንድን ነው? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እንዲህ ልበለው። «አንተ ሄድክ» ስል፣ የምትወስነው አንተ ነህ። «አንተን ወሰዱህ» ስል፣ አንተ ዕቃ ነህ። አሁንስ? አረንጓዴ። አመሰግናለሁ።

ነገሩ በመጽሔት ብቻ ቢቀር ይቻል ነበር። እኅቴ ከፊት ተቀምጣለች፤ ይህን እንድናገር ፈቃዷን ጠይቄያታለሁ። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ታላቄ ናት። ዳውን ሲንድረም አለባት። የራሷን የባንክ ሒሳብ ልትከፍት ፈልጋ አብረን ሄድን። ሠራተኛዋ እኔን «ይቀመጡ፣ ምን ልታዘዝ?» አለችኝ። እኅቴ «ሒሳብ ልከፍት ነው» አለች። ሠራተኛዋ ወደ እኔ ዞራ «መፈረም ትችላለች?» ብላ ጠየቀች። እኅቴ «እችላለሁ» አለች። ሠራተኛዋ አሁንም እኔን እያየች፣ «ትችላለች?» አለች። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ሰው ተቀምጠን፣ እኔ «እርስዎ» ነበርኩ፤ ታላቄ ግን «እርሷ» ነበረች፤ «አንቺ» እንኳን አልሆነችም። ሒሳቡ የማን ነው? ባለቤቷ ማን ናት?

ሕጉን ለምትጠይቁ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የጸደቀው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 13 ቀን 2006 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በግንቦት 2008 ነው። አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች በሕግ ፊት ከሌላው ሰው እኩል ችሎታ እንዳላቸው ይናገራል። ውሳኔ ለመወሰን እገዛ የሚያስፈልገው ሰው ካለ ይታገዝ ይላል፤ ሌላ ሰው ይወስንለት አይልም። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። እኅቴ ቅጹን እንድትረዳው ከጎኗ መቀመጥ እገዛ ነው። እርሷን ዘሎ እኔን ማየት ሌላ ነገር ነው።

«ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ለእርሱ አንድ ታሪክ አለኝ።

በኒው ዮርክ፣ ስቴተን አይላንድ በምትባለው ደሴት ላይ ዊሎውብሩክ የሚባል ተቋም ነበረ። የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባቸው የተባሉ ሕፃናትና አዋቂዎች የሚቀመጡበት ትልቅ ቦታ ነው። የተሠራው ለ4,000 ሰው ነበር፤ በ1960ዎቹ ግን ከ6,000 በላይ ሰው ታጉሮበታል። እ.ኤ.አ. በ1965 ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ ጎብኝቶት እባብ ከሞላበት ጉድጓድ ጋር አመሳሰለው። ትልቅ ሰው ተናገረ፣ ጋዜጣም ጻፈ፤ ሰዎቹ ግን እዚያው ቀሩ። በ1972 ጄራልዶ ሪቬራ የተባለ ወጣት ጋዜጠኛ ካሜራ ይዞ ገባና ያየውን በቴሌቪዥን አሳየ። አገር ደነገጠ። ልብሳቸውን ያጡ፣ ወለል ላይ የተኮራመቱ ሰዎች ታዩ። ሁሉም የሚያስታውሰው ያንን ምስል ነው።

እኔ የማስታውሰው ግን ሌላ ነው። በርናርድ ካራቤሎ የሚባል የሃያ አንድ ዓመት ወጣት በዚያ ዝግጅት ላይ ተናግሯል። ዊሎውብሩክ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ኖሯል። ሲናገር ቃላቱ በግድ ነበር የሚወጡት፤ አድማጭ ጆሮውን አቅንቶ መጠበቅ ነበረበት። ግን ተናገረ። ውስጡ እንዴት እንደሚኖር ነዋሪው ራሱ ተናገረ። ያን ጊዜ ዜናው ባለቤት አገኘ። በ1975 በፍርድ ቤት ስምምነት ተደረሰ፤ ተቋሙ በ1987 ተዘጋ። ካራቤሎ ከወጣ በኋላ ሕይወቱን እንደ እርሱ ላሉ ሰዎች በመሟገት ነው ያሳለፈው።

እዚህ ታሪክ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔ ራሴ ወድቄበታለሁ። ካራቤሎ የነበረበት ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም እንቅስቃሴንና ንግግርን የሚያውክ ጉዳት ነው፤ አእምሮው ላይ ውስንነት አለ የተባለው በስሕተት ነበር። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ምን ይላል? «ወይ ግፍ! ለካ አእምሮው ደኅና ነበር!» ይላል። ደኅና ባይሆንስ? ውስንነቱ በእርግጥ የነበረባቸው የቀሩት ሰዎች ያ ወለል ይገባቸው ነበር ማለት ነው? ይህን ጥያቄ አሳድሩት።

ሌላም አለ፤ በአጭሩ እነግራችኋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 በካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ስላለባቸው ሰዎች ጉባኤ ተደረገ። ከአሜሪካ ኦሪጎን ግዛት ጥቂት ሰዎች ውስንነቱ ያለባቸው ራሳቸው ሄደው ተካፈሉ። ገብተው ሲያዩ መድረኩን የያዙት ባለሙያዎች ናቸው። የሚወራው ስለ እነርሱ ነው፤ የሚያወሩት ግን ሌሎች ናቸው። ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ «የራሳችንን እናድርግ» አሉ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1974፣ ራሳቸው ያዘጋጁት ጉባኤ ላይ ከ500 በላይ ሰው ተገኘ። ለንቅናቄያቸው ስም ሲያወጡ፣ ከምንም በፊት ሰው ተብለን እንታወቅ የሚል ሐሳብ ተነሣና «ፒፕል ፈርስት» ተባለ፤ መጀመሪያ ሰው ነን እንደማለት ነው። ስለ እኛ ያለ እኛ ምንም አይሁን የሚለውን መፈክር ዛሬ ሁሉም ይጠቅሰዋል፤ ባለሙያውም፣ ባለሥልጣኑም፣ እኔም። እነዚያ ሰዎች ግን መፈክር ከመጥቀስ አልፈው አዳራሽ ተከራዩ።

ሰዋስው በቃ። ሁለተኛው ነጥብ መጽሔቱ ነው።

የመዋኛ ገንዳው ጉዳይ ከተከሰተ በኋላ፣ አምስት አባላት ያሉበት የአንባቢዎች ኮሚቴ አቋቋምን። ማንኛውም ጽሑፍ ሳይታተም በፊት እነርሱ ያነቡታል፤ ማንበብ የማይችሉት ይነበብላቸዋል። ያልገባቸው ዓረፍተ ነገር አይወጣም። ለሥራቸው ይከፈላቸዋል፤ ባለሙያ ናቸውና። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠኋቸው እትም ሲመለስልኝ ቀይ ቀለም የተደፋበት መሰለኝ። «ተደራሽነት» የሚለውን ቃል አምስቱም አላወቁትም። ምን ማለት እንደሆነ ሳስረዳቸው ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ አንዷ፣ «ታዲያ "መግባት ይቻላል ወይ?" አትልም?» አለችኝ። «ተጠቃሚዎች» የሚለውን ሰረዙት። «የባለድርሻ አካላት ቅንጅታዊ አሠራር» የሚለውን አላረሙትም፤ ሳቁበት። እውነቴን ነው፣ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ያንን ሐረግ ጽፌው አላውቅም፤ በነገራችን ላይ፣ ከእንግዶቻችንም አንድ ሰው እንኳን ናፍቆት አልጠየቀኝም።

ቀላል አጻጻፍ ሲባል የሕፃን አጻጻፍ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሐሳብ ይያዝ ማለት ነው። ፊደሉ ጎላ ይበል፣ ሥዕሉ ከጽሑፉ ጎን ይቀመጥ፣ ቃሉ ሰው የሚናገረው ይሁን ማለት ነው። ይዘቱ ግን የአዋቂ ነው፤ ስለ ምርጫ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ሞት። አውሮፓ ውስጥ በዚህ ዙሪያ የወጣው መመሪያ አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፦ ጽሑፉን የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው አንብበው ሳይፈትሹት ቀላል ነው አይባልም። ባለሙያ ያየውን ሳይሆን አንባቢው ያየውን ነው የሚቀበለው።

ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሮበርት ማርቲን የኒውዚላንድ ሰው ነበር። ገና ሲወለድ አእምሮው ላይ ጉዳት ደረሰበት፤ ሕፃን ሳለ ተቋም ውስጥ ገባ፤ ልጅነቱን ከቤተሰቡ ርቆ አሳለፈ። ያ ሰው አድጎ፣ ቅድም የጠቀስኩት ስምምነት ሲረቀቅ ኒው ዮርክ ተገኝቶ ድምፁን አሰማ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የስምምነቱን አፈጻጸም ለሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ተመረጠ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ሰዎች ለእንዲህ ያለ ኮሚቴ ሲመረጥ የመጀመሪያው ነው። በ2020 አገሩ «ሰር» የሚል ማዕረግ ሰጠችው፤ በ2024 አረፈ። የዓለም ሕግ ዐዋቂዎች በተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ሰነዱ በቀላል ቋንቋ ሲቀርብለት፣ ደጋፊው ከጎኑ ሲቀመጥ፣ ሥራውን ሠራ። እዚያ ከተቻለ፣ የእኛ ስምንት ገጽ መጽሔት ምን ያቅተዋል?

ስለ ፎቶግራፍ መናዘዝ አለብኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ አንድ አባላችን የሩጫ ውድድር ጨርሶ ሲያለቅስ ፎቶ አነሣሁት። ጥሩ ፎቶ ነበር። የገንዘብ ማሰባሰቢያ ጥሪያችን ላይ አወጣሁት፤ ገንዘብም አመጣልን። የአንባቢዎች ኮሚቴ ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ነበር፦ «ሳለቅስ ሰው ሁሉ ለምን ያየኛል? ጫማዬ እግሬን ስለላጠኝ ነበር ያለቀስኩት።» እኔ የደስታ እንባ ነው ብዬ ጽፌበት ነበር! አሁን እያንዳንዱ ፎቶ ከመውጣቱ በፊት ለባለቤቱ ይታያል፤ «አይሆንም» ካለ አይወጣም። ገንዘብ ቢቀርብን? ይቅርብን። እርሱ እዚህ አለ፤ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ... ቢጫ ካርድ አወጣብኝ። ቀስ ብዬ ልድገመው። ይቅርታ። ፎቶህን ሳልጠይቅህ አወጣሁ። ጥፋቴ ነው።

ለአዲስ ቤተሰቦች አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ወደ ዜናው እሄዳለሁ። በስልክ ደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ «መቼ ይድናል?» የሚል ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ከአእምሮ ሕመም የተለየ ነገር ነው። ሦስት ነገሮች አብረው ሲታዩ ነው ስሙ የሚሰጠው፦ በማሰብና በመማር ላይ የሚታይ ውስንነት፣ ይህም በአእምሮ ችሎታ መለኪያ ፈተና (አይ ኪው) ሲለካ 70 አካባቢና ከዚያ በታች ይሆናል፤ በዕለት ተዕለት ኑሮ ክህሎት ላይ የሚታይ ውስንነት፤ ሦስተኛው ጅማሬው በልጅነት መሆኑ። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም። እኅቴን ብትጠይቋት እ.ኤ.አ. ማርች 21 የእርሷ ቀን እንደሆነ ትነግራችኋለች፤ ማርች ሦስተኛው ወር ነው፤ ዳውን ሲንድረም የሚመጣው ደግሞ 21ኛው ክሮሞዞም፣ በሕዋሳችን ውስጥ የዘር መረጃ የሚይዘው ክር፣ ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሲሆን ነው። «እኔ አንድ ትርፍ አለኝ፤ አንተ የለህም» ትለኛለች።

እሺ፤ ዜናው። ሦስተኛው ነጥብ ላይ ደርሰናል።

አንድ አባላችን ዘንድሮ ብቻውን በአውቶቡስ መሄድ ቻለ። ሰባት ወር ፈጀበት። ማስተማሪያው ዘዴ ለወላጆች ይጠቅማልና ልንገራችሁ። መንገዱን በትናንሽ እርምጃዎች ከፋፈልነው፤ ሃያ ሁለት እርምጃ ወጣው። ማስተማር የጀመርነው ግን ከመጨረሻው ነው። መጀመሪያ እስከ በሩ ድረስ አብረነው ሄደን የመጨረሻዋን እርምጃ፣ ደወል መደወሏን ብቻ ለእርሱ ተውንለት። ከዚያ የመጨረሻዎቹን ሁለት። ከዚያ ሦስት። እንዲህ ሲሆን ሰውየው ሁልጊዜ የሚጨርሰው ራሱ ነው፤ ድሉ የእርሱ ነው። ከፊት ብትጀምሩ ግን ሁልጊዜ ጨራሹ ረዳቱ ነው። በአምስተኛው ወር ተሳስቶ ሌላ አውቶቡስ ተሳፈረ። እናቱ ራሷን ስታ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። እርሱ ግን ሾፌሩን ጠይቆ፣ ወርዶ፣ ሌላ ተሳፍሮ ደረሰ። ከሃያ ሁለቱ እርምጃዎች ሌላ፣ እኛ ያላስተማርነው ሃያ ሦስተኛው እርምጃ ይህ ነበር።

ሥራ። አራት አባላት ዘንድሮ ተቀጥረዋል፤ ደመወዛቸው እዚያው ቦታ ላይ ለሌላ ሠራተኛ ከሚከፈለው እኩል ነው። የሥራ አሠልጣኙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሙሉ ቀን አብሯቸው ይውላል፤ ከዚያ ግማሽ ቀን፤ ከዚያ በሳምንት አንዴ። ጥሩ አሠልጣኝ ቀስ በቀስ የሚጠፋ ሰው ነው። ከአራቱ አንዷ በሦስተኛው ወር ሥራዋን ለቀቀች። ቢሮው ውስጥ ሐዘን ሆነ፤ «ምን አጠፋን?» ተባለ። ጠየቅናት። «ይሰለቻል» አለች። በቃ። ስንቶቻችን ነን የሰለቸንን ሥራ ለመልቀቅ ወኔ ያለን? ዜናውን በመጀመሪያው ገጽ ነው ያወጣሁት፤ ርዕሱን የመረጠችው እርሷ ናት፦ «ሥራዬን ለቀቅኩ»። ባለቤትም፣ ማሰሪያ አንቀጽም ያለው ዓረፍተ ነገር!

የሥራ አመራር ቦርድ። ሁለት አባላት ተመርጠው ቦርዱ ውስጥ ገቡ። አጨበጨብን፣ ፎቶ ተነሣን፤ አስፈቅደን። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አርባ ገጽ ሰነድ አስቀመጥንላቸውና ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳሉ ድምፅ አሰጠን። እጃቸውን አወጡ፤ ሌላው ስላወጣ። ከስብሰባው በኋላ አንደኛው፣ «በምን ላይ ነው እጄን ያወጣሁት?» ብሎ ጠየቀኝ። አፈርኩ። አሁን ከስብሰባው በፊት ባለው ቀን ሰነዱ በሁለት ገጽ ቀላል ቋንቋ ተዘጋጅቶ አብረናቸው እንወያይበታለን። የሚገርመው፣ ሌሎቹ የቦርድ አባላትም አሁን የሚያነቡት ያንን ሁለት ገጽ ነው።

የመጨረሻው ዜና ከባድ ነው።

አባሎቻችን እያረጁ ነው። ይህ በራሱ የምሥራች ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው አማካይ ዕድሜ 25 ዓመት አካባቢ ነበር፤ ዛሬ 60 ገደማ ደርሷል። ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ስለሚወለዱ የልብ ቀዶ ሕክምና ብዙ ለውጥ አምጥቷል። ነገር ግን ወላጅ ልጁን ይቀብራል ተብሎ በታሰበበት ዘመን ያልነበረ ጥያቄ መጣ። ልጅ ወላጁን መቅበር ጀመረ። ለዚህ አልተዘጋጀንም።

ቤተሰብ መደበቅ ይወዳል። ቅድም የጠቀስኩት የሴናተር ሮበርት ኬኔዲ እኅት ሮዝሜሪ እ.ኤ.አ. በ1941፣ በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ አእምሮዋ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ንግግሯንም እርምጃዋንም አጣች። ከዚያ ራቅ ወዳለ ቦታ ተወሰደች፤ ቤተሰቡም ለዓመታት ዝም አለ። ዝምታውን የሰበረችው እኅቷ ዩኒስ ናት፤ በ1962 ስለ ሮዝሜሪ በመጽሔት ላይ ጻፈች። በሐምሌ 1968 ቺካጎ ላይ የመጀመሪያውን ስፔሻል ኦሊምፒክስ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የሚወዳደሩበትን የስፖርት ውድድር፣ የመሠረተችውም እርሷ ናት። ዩኒስን አከብራታለሁ። ሆኖም ሮዝሜሪ እስከ 2005 ኖረች፤ ስለ ራሷ የምትናገርበት አንደበት ግን ከእጇ ወጥቶ ነበር።

በእኛም ቤት ተደብቋል። እናታችን የሞተችው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ «ለእርሷ አሁን አይነገራት፤ አትችለውም» አለ። ማን አለ? ሁላችንም። እኔም። «እናታችን ለሕክምና ሩቅ አገር ሄዳለች» አልናት። አሥራ ዘጠኝ ቀን። ሰው ሲመጣ ፊታችንን እየታጠብን፣ እርሷ ስትገባ ወሬ እየለወጥን፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ማታ ክፍሌ ገባች። በእጇ የእናታችንን መነጽር ይዛለች።

«መነጽሯን ትታ አትሄድም» አለችኝ። «ሞታለች፣ አይደል?»

ከመቼ ጀምሮ እንዳወቀች ጠየቅኳት። ከመጀመሪያው ቀን አለችኝ። ታዲያ ለምን እንዳልጠየቀችን ስላት፣ «እስክትነግሩኝ እየጠበቅኩ ነበር» አለች። «ሌሊት ብቻዬን አለቀስኩ።»

በሕይወታችን ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ዜና አልነበረም። ከእርሷ የሚቀርብ ባለቤትም አልነበረውም። ከእናታችን ጋር በአንድ ክፍል የምታድረው እርሷ ነበረች። እኛ ግን ሐዘኑን ተካፍለን ለእርሷ ሳናደርስ ቀረን። አትችለውም ያልናት እርሷ አሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻዋን ችላዋለች፤ እኛ ነን ያልቻልነው።

ስለዚህ ማኅበሩ ዘንድሮ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅቷል፤ ከበሩ ላይ ታገኙታላችሁ። የጻፉት አምስቱ የኮሚቴ አባላትና እኅቴ ናቸው። መርዶ ለእኛም እንደ ሰው ይነገረን ይላል። በዚያው ቀን ይነገረን ይላል። ቀብር ላይ እንገኝ ወይስ አንገኝ፣ እኛ እንምረጥ ይላል። ቃሉም ግልጽ ይሁን ይላል፦ «ሞተች» በሉ። «ሄደች» አትበሉ፤ የሄደ ይመለሳል። «አረፈች» አትበሉ፤ ደክሟት ቁጭ ያለች ይመስለናል። እኔም ቅድም ስለ ሮበርት ማርቲን ስናገር «አረፈ» ብያለሁ። አርሙልኝ፤ ሞተ።

በሚቀጥለው ወር «ከወላጆቼ በኋላ የት እኖራለሁ?» በሚል ርዕስ ውይይት ይኖረናል። እስከ ዛሬ ይህን ውይይት የምናደርገው ወላጆች ለብቻ በር ዘግተን ነበር። አሁን አባላት ይኖሩበታል፤ የስብሰባው ሰብሳቢ ከእነርሱ አንዱ ነው። ወላጆች፣ ስትመጡ አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጽፋችሁ ኑ፦ ልጃችሁ ከማን ጋር መኖር እንደሚፈልግ፣ ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ፣ ሲፈራ ምን እንደሚያረጋጋው። ግን ራሳችሁ አትመልሱት። ጠይቁትና የነገራችሁን ጻፉ። እናቶች፣ «እኔ አውቀዋለሁ» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም መዋኛው ያስደስተዋል ብዬ አውቅ ነበር።

የሚቀጥለውን የመጽሔቱን እትም በተመለከተ ደግሞ ...

ቀይ ካርድ። እኅቴ ናት። እሺ፣ ቆምኩ። ምኑ ነው ያልገባሽ?

... «ሁሉም ገብቶኛል። ረዘመ» ትላለች።